ውሻና ድመት ባለበት ቤት የጆሮ ማሽን የት ይቀመጥ? የሞከርናቸው ዕቃዎች

ለሚቸኩል ሰው ፍርዱን ቀድሜ ልናገር፦ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋውን የማድረቂያ ዕቃ ግዙ፣ ሌላው ወይ ጌጥ ነው ወይ ግማሽ መፍትሄ። ጊዜ ያለው ደግሞ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ቡቺ የሚባል ቡችላ አለ፣ ውሮ የምንላት ድመት አለች፣ ግቢው ውስጥ ዶሮዎች ይዞራሉ፣ ማሽኑ ደግሞ የአባባ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ጆሯቸውም እዛው ሞተሩ ጋ ነው የቀረው።

ማሽኑ ከጆሮ ኋላ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፣ እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችው። ጫፉ ላይ በጆሯቸው ልክ የተሠራ ሞልድ አለ፣ ሞልዱን ከማሽኑ የምታገናኝ ቀጭን ቱቦ አለች፣ እንስሳ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው፣ ለማኘክ ይመቻሉ። ቱቦዋ ችግር የለም ትቀየራለች፣ ሞልዱ ግን እንደገና ጆሮ ተለክቶ ነው የሚሠራው፣ ለኛ ያ ማለት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው። ስፒከሩ ራሱ በቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ያላችሁ ሰዎች ይብስባችኋል፣ እዛ ላይ ቡችላው የሚያኝከው ስፒከሩን ነው። ሳጥኑ ላይ አይፒ 68 የሚል አይቶ የሚዝናና ሰው አለ፣ 6ቱ ለአቧራ ነው፣ 8ቱ ለውሃ ነው፣ ስለ ጥርስ የሚያወራ ቁጥር የለበትም።

ዕቃዎቹ ጋ ከመሄዴ በፊት ግን እንስሳ ይሄን ነገር ለምን እንደሚወደው መግባት አለበት፣ እሱ ካልገባችሁ የምትገዙት ሁሉ ብር ማባከን ነው። አንደኛው ሽታ ነው፣ የጆሮ ኩክ ለኛ ያስጠላል ለውሻ ግን የጌታው ሽታ ነው፣ ካልሲና ጫማ የሚያኝክ ውሻ ሞልድ ለምን ይተዋል? ሁለተኛው ፉጨቱ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ ከጆሮ ወጥቶ መዳፍ ውስጥ ወይ ትራስ ስር ሲገባ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ሲጥጥጥ ይላል፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲደርስ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ይሄ ፉጨት ቀጭን ድምፅ ነው፣ በዕድሜና በሞተር ጩኸት የተጎዳ ጆሮ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ አባባ አውልቀው ሲያስቀምጡት እየጮኸ መሆኑን አያውቁም፣ ቡቺ ግን ሳሎን ተኝቶ ያውቃል። የጤነኛ ሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ነው የሚሰማው፣ የውሻ ወደ 45,000 ይደርሳል፣ የድመት ደግሞ 64,000 አካባቢ። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ፉጨቱን የማይሰሙት የማሽኑ ባለቤት ብቻ ናቸው በቃ። ካወለቁት በኋላ ደግሞ "አባባ አጥፍተውታል?" ብሎ መጠየቅ ትርፉ መጮህ ነው፣ "እ?" ነው መልሱ።

የባህር ዳር ቤት ላይ ሦስተኛ ምክንያት ይጨመራል፣ ዓሣ። አባባ ጡረታ ቢወጡም ከዓሣ አልተለዩም፣ ቆሮሶ ገዝተው ይመጡና ግቢ ተቀምጠው ራሳቸው ያጸዳሉ፣ መሃል ላይ ማሽኑ ካሳከካቸው በዛው እጃቸው ነካ ነካ ያደርጉታል። ውሮ ማታ ማሽኑን የምትልሰው ታዲያ ምን ታድርግ። ይሄን ማንኛውም ዕቃ አይፈታውም፣ እጅ መታጠብና ማሽኑን ከማስቀመጥ በፊት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ ውሃና አልኮል አይነካም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ከማሽኑ ጋር የምትመጣዋን የጨርቅ ቦርሳ አትቁጠሯት። ለጉዞ ሻንጣ ውስጥ ትሆናለች፣ ቤት ውስጥ ግን ሽታውን ይዛ የምትቆይ ለስላሳ ነገር ናት፣ ቡቺ ከነማሽኑ ነው ይዟት የሚሄደው። አብሮ የሚመጣው ቀጭ ብሎ የሚዘጋው ጠንካራ ሳጥን ይሻላል፣ ድመት አትከፍተውም፣ ውሻ ግን በመንጋጋው ጫን ሲያደርገው ራሱ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው በሱ አይተማመን።

ገመድና ክሊፕ ያለው ነገር አለ፣ አንዱ ጫፍ ማሽኑ ላይ ይታሰራል ሌላው ኮሌታ ላይ ይቆነጠጣል፣ ውጭ አገር ለልጆች ነው በብዛት የሚሸጡት፣ ዳይኖሰር ምናምን አለበት፣ አባባ ዳይኖሰሩን አይተው "ይሄ ደግሞ የምን አዞ ነው" ብለው አደረጉት። ለቀን፣ ለውጭ፣ በጣም ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ንፋስ ሲመታቸው፣ ነጠላ ሲያጣፉ፣ ሐይቁ ዳር ጎንበስ ሲሉ ማሽኑ ቢወጣ እንኳ ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ጣና ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ማን ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ግን ዋጋ የለውም እንዲያውም ይብሳል፣ አባባ ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ገመዱ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ገመድ አይታ ዝም የምትል ድመት አላየሁም። ከ10 ስድስት፣ እሱም ለውጭ ብቻ።

የእንጨት ሳጥን ደግሞ አሠርተናል፣ አናጺው ጎበዝ ነው፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ አርጎ፣ ውስጡን ከፋይ አልብሶ፣ ሲያዩት ታቦት ማስቀመጫ ይመስላል ብላ እማዬ ስቃለች። በጋውን ምንም አልወጣለትም። ሐምሌ ሲገባ ግን እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ያልገጠመ ክዳን ደግሞ የውሮ ጥፍር ይገባበታል፣ ከፋዩም እርጥበት ያዘ። እኛ ከተማ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው አየር የታወቀ ነው፣ ሐይቁም አለ ዝናቡም አለ፣ ለማሽን የሚሆን ማስቀመጫ ከእንስሳ ብቻ ሳይሆን ከእርጥበትም ካላዳነ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ሳጥኑ አሁን የአባባ መነጽርና መቁጠሪያ ማስቀመጫ ነው።

ወደ አሸናፊው እንምጣ። የማድረቂያ ዕቃ የሚባለው ብርጭቆ የምታክል ወፍራም ፕላስቲክ ናት፣ ክዳኗ ጥርስ አለው ዞሮ ዞሮ ይጠብቃል፣ ከክዳኑ ስር የጎማ ቀለበት አለ፣ ከታች ደግሞ በቀዳዳ ዕቃ ውስጥ የተዘጉ ትናንሽ የሲሊካ ጄል ፍሬዎች አሉ፣ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ "አይበላም" ተብሎ የሚገባው ዓይነት። ፍሬዎቹ እርጥበት ሲጠጡ ቀለማቸውን ይቀይራሉ፣ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ። ምርጫ ካላችሁ ብርቱካናማውን ውሰዱ፣ ሰማያዊውን የሚያቀልመው ኮባልት ክሎራይድ ስለሆነ እንስሳና ልጅ ያለበት ቤት አልወደውም። ዕቃዋ የተሠራችው እርጥበት እንዳይገባ ነው እንጂ ለውሻ አይደለም፣ ግን እርጥበት የማያስገባ ክዳን ሽታም ብዙ አያወጣም፣ ለዛ ነው የሠራው። ቡቺ ሲያገኛት ሲሚንቶው ላይ በእግሩ ያንከባልላታል፣ በጎን ለመንከስ አፉን ይከፍታል ክብ ስለሆነች ትሾልካለች፣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ጥርሱን አሳርፎባታል ጭረት እንጂ ቀዳዳ የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ይሰለቸውና ወደ አባባ ጫማ ይሄዳል። ውሻ መንከስና መቧጨር ይችላል፣ ጠምዝዞ መክፈት ግን አይችልም።

ጎደሎዋን ልናገር። ክዳኑ ለስላሳ ነው፣ የሽማግሌ ጣት ይንሸራተትበታል፣ እኛ ከአሮጌ ካላማደሪያ ጎማ ቆርጠን አለበስነው። ክረምት ላይ ፍሬዎቹ ቶሎ ቀለም ይቀይራሉ፣ መቀያየሪያው ደግሞ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ፋርማሲ ገብቼ ስጠይቅ "የጆሮ ጠብታ ነው?" ነው የተባልኩት። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ቡና አይበልጥም፣ ሰው ሻንጣ ውስጥ እንዲያመጣላችሁ ካልሆነ ግን ባህር ዳር ውስጥ በዚህ ስም አላገኘሁም። ከ10 ዘጠኝ።

የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡበት ጋ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ትንሽ የቅመም ዕቃ ሞልቷል፣ አንዷ ባለሱቅ "ክፈቺው፣ ዝጊው፣ ገልብጪው" ብላ ሁሉንም እንድሞክር ፈቅዳልኛለች፣ ተባረኪ። ስትመርጡ ክዳኑ ከአንድ ዙር በላይ የሚዞረውን ያዙ፣ ግማሽ ዙር ላይ የሚቆመው ሲወድቅ ይፈታል። አዲስ ይሁን ብቻ፣ ከዚህ በፊት ኮረሪማና በርበሬ የነበረበት ዕቃ ታጥቦም አይለቅም፣ ጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ከጫማ ሳጥን የሰበሰባችኋትን የሲሊካ ከረጢት ጣል አድርጉባት፣ ከረጢቷ ከተቀደደች ግን ትጣል። ለጎረቤታችንም በዚህ መልኩ አዘጋጅተንላቸዋል፣ ከኔዋ ዕቃ የሚለያት ቀለሟ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ባትሪው ለብቻው ይወራ። የኛ 13 ቁጥር ነው፣ ብርቱካናማ ተለጣፊ ያለው፣ ቢጫው 10 ነው፣ ቡናማው 312፣ ሰማያዊው ትልቁ 675። አየር እየሳበ የሚሠራ ዚንክ ባትሪ ስለሆነ ተለጣፊው አንዴ ከተነሳ መልሳችሁ ብትለጥፉትም ያልቃል። ማታ የባትሪውን በር መክፈት ማሽኑን ያጠፋዋል፣ ፉጨቱም እዛው ላይ ያበቃል፣ እኔ ከዕቃዎቹ ሁሉ በላይ የማስቀድመው ይሄን ነው ነፃም ነው። ማድረቂያው ውስጥ ግን ባትሪውን አብራችሁ አትክተቱት፣ ሲሊካው ባትሪውንም ያደርቀዋል። ታዲያ የወጣውን ባትሪ ኮሞዲኖ ላይ መተው ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር ነው፣ ዶሮ ይለቅመዋል፣ ቡችላ ይውጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ልጅ ይውጠዋል። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ እርጥበቱ ላይ ኤሌክትሪክ እያስኬደ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል፣ ውሻ ካኘከው ደግሞ የሚፈሰው አፉን ይልጠዋል። ልጅ ከዋጠ ወተት አጠጣለሁ ምናምን ሳትሉ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን በቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ እንስሳም ከሆነ ወደ ሐኪሙ፣ ለሁለቱም እንዲያስታውኩ አታስገድዱ። እኛ ያለቀውንም ያላለቀውንም ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ነው የምናደርገው፣ ለየብቻ፣ ያለቀውን አባባ ራሳቸው በስክሪፕቶ "የሞተ" ብለው ጽፈውበታል።

ቻርጅ የሚደረግ ማሽን ያላችሁ በዚህ በኩል ተገላግላችኋል፣ ቻርጀሩ ክዳን ያለው ከሆነ ሌሊቱን እዛው ያድራል። መብራት ሲጠፋ ግን ቻርጀሩ ውስጥ ስላለ ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑ፣ ራሳችሁ በቁልፉ አጥፉት። የቻርጀሩንም ገመድ ከቡፌው ኋላ አሳልፉት፣ ቡቺ የአንዱን ስልክ ገመድ ምን እንዳደረገው ስለማውቅ ነው።

ቦታ በተመለከተ ሰው ሁሉ "ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት" ይላል፣ ለውሻ ልክ ነው፣ ድመት ያለበት ቤት ግን ፍሪጅ ላይም ቡፌ ላይም ከፍታ የሚባል ነገር የለም፣ ውሮ መግፋት ነው የምትወደው። የኛ የኮሞዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አባባ ጠዋት እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያገኙታል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማሽኑ ውጭ አገር የተገዛ ከሆነና ዋስትናው ካላለቀ የታኘከውን ስብርባሪ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ በዋስትናው ጊዜ አንዴ ለጠፋ ወይም ለተሰበረ የሚቀይሩበት አሠራር አላቸው፣ የተረፈውን ስብርባሪ አምጡ ሊሉ ይችላሉ፣ ለቅሞ በላስቲክ ይዞ መላክ ነው።

ብርቱካናማውን ፍሬ ብቻውን ባህር ዳር ውስጥ ሲሸጥ ያየ ካለ ሱቁን ይጠቁመኝ፣ ሰኔ ሳይገባ።