አስራ አንድ ጥያቄ በዝቷል፦ የጊትሃብ ኢሹ ፎርምን ሞክሬው

«አይሰራም።»

ርዕሱ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ባዶ። ፎቶዎችን በተነሱበት ቀን እየለየ የሚደረድር ትንሽ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም አለኝ። ድሮ ጊትሃብ (የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የሚከፈቱልኝ ኢሹዎች፣ ማለትም ሰዎች ችግር የሚያሳውቁባቸው መልእክቶች፣ ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። «የትኛው ቨርዥን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በማግስቱ «የመጨረሻው» የሚል መልስ ይመጣል። የመጨረሻው የቱ? እንዲህ ስንባባል ሳምንቱ ያልቃል።

መጀመሪያ ተራውን ቴምፕሌት (ኢሹ ሲከፈት ቀድሞ ተጽፎ የሚጠብቅ ጽሑፍ) ሞከርኩ። እሱ ዝም ብሎ ጽሑፍ ነው፤ ሰዉ ጠራርጎ ያጠፋውና የፈለገውን ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ኢሹ ፎርም ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ያምል ፋይል (ቅንብር የሚጻፍበት የጽሑፍ ፋይል) ትጽፋላችሁ፤ የሚመረጥ ዝርዝር፣ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን፣ የጽሑፍ ቦታ ይሆንላችኋል። የግድ ነው ያላችሁት ካልተሞላ ኢሹው አይከፈትም። ልብ በሉ፣ ግዴታው የሚሰራው ለሁሉም ክፍት በሆነ ሪፖ (የኮድ ማስቀመጫ) ላይ ብቻ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን የሎጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ፣ ሳጥን ነው። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚተፋቸው መስመሮች #1፣ #2፣ #3 እያሉ ይጀምራሉ። ሰው እንዳለ ሲለጥፈው ጊትሃብ የኢሹ ቁጥር ይመስለዋል። ከዓመታት በፊት የተዘጋው የመጀመሪያው ኢሹ ሥር «እዚህ ተጠቅሷል» የሚል ማስታወሻ ይደረደራል። ምስኪን ኢሹ ቁጥር 1፣ ስንቱ ስሙን አነሳው! ፎርሙ ላይ ሳጥኑን «ይህ ሼል (የትእዛዝ መስመር ጽሑፍ) ነው» ብላችሁ ካዘጋጃችሁት የተለጠፈው ሁሉ ኮድ ሆኖ ይቀመጣል፤ #1ም የኢሹ ቁጥር አይመስለውም። ለጣፊው ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም።

ጥፋት ሠርቻለሁ፣ አልደብቅም። በደስታ ብዛት 11 ጥያቄ ደረደርኩ፤ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ሳይቀር። አንዱ መጣና ሁሉም ቦታ ላይ ነጥብ ብቻ እየጻፈ ላከልኝ። አሥራ አንድ ነጥብ። እውነቱን ነው። አሁን የቀሩት አራት ናቸው፦ ቨርዥን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ምን ስታደርጉ ተበላሸ፣ ሎግ።

የሚጎድለው? ፎርሙ ከተላከ በኋላ መልሶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተራ ማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ) ጽሑፍ ይሆናሉ። ሰውየው ከዝርዝሩ ዊንዶውስን ስለመረጠ ብቻ «ዊንዶውስ» የሚል ሌብል (ኢሹን መመደቢያ መለያ) በራሱ አይለጠፍም። ወይ በእጅ ትለጥፋላችሁ፣ ወይ ለዚሁ ሥራ ስክሪፕት ትጽፋላችሁ። እኔ በእጄ ነው። ስለዚህ ፎርሙን ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ኢሹ ተከፈተ። ርዕሱ፦ «አይሰራም»። ሳቄ መጣ። ዝቅ ስል ግን ቨርዥኑ አለ፣ ሎጉ አለ። ሎጉ ውስጥ የካሜራው ቀን ከዓመት እስከ ሰከንድ ዜሮ በዜሮ ነው። ሰዓቱ ያልተሞላ ካሜራ! ፕሮግራሜ ደግሞ ዜሮኛ ወር ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ አልተነገረውም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ፑል ሪኩዌስቱን (የኮድ ማስተካከያውን ማቅረቢያ) ከፈትኩ። ርዕሱን እኔው ቀየርኩለት።