ሄርለን እና ጌንክ፦ ከድንጋይ ከሰል በኋላ

በኔዘርላንድስ ደቡብ ጫፍ ያለችው ሄርለንና ከድንበሩ ማዶ በቤልጅየም የምትገኘው ጌንክ ሁለቱም በድንጋይ ከሰል ያደጉ ከተሞች ናቸው፤ ማዕድኑ ሲዘጋ ግን የተለያየ መንገድ ያዙ።

የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኧይል መዘጋቱን በታኅሣሥ 1965 እ.ኤ.አ. ሄርለን ላይ ካወጁ በኋላ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ በ1974 ተዘግቶ «ከጥቁር ወደ አረንጓዴ» በሚል መርሕ ሠራተኞችንና ከሰልን ከጉድጓድ የሚያወጡት ማማዎችም ፋብሪካዎችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈረሱ። 135 ሜትር ይረዝም የነበረው «ላንገ ያን» የተባለው የጭስ ማውጫ እንኳ በ1976 ወደቀ። ቦታው ጸድቷል፤ ነገር ግን አባቶቻቸው የሠሩበትን ለልጆቻቸው የሚያሳዩበት ነገር ለብዙዎች አልተረፈም፣ ይህም በእኔ እምነት ከባድ ኪሳራ ነው። ሆኖም ከመሬት በታች ያለው አልጠፋም፦ ውኃ የሞላባቸው ዋሻዎች ከ2008 ጀምሮ ሕንጻዎችን ያሞቃሉ።

የጌንኩ ዊንተርስላግ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ1988 ቢዘጋም ሁለቱ የብረት ማማዎች አሁንም ቆመዋል፤ የኃይል ማመንጫው አዳራሽም ግዙፍ የአየር መጭመቂያ ማሽኖቹን እንደያዘ «ሲ-ማይን» የተባለ የባህል ማዕከል ሆኗል። በግቢው በ2015 የተተከለው ቤተ-ውስብስብ (መውጫው የሚያደናግር፣ በመተላለፊያዎች የተሞላ የጥበብ ሥራ) 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው የብረት ሰሌዳዎች የተሠራ ሲሆን፣ በግድግዳዎቹ ላይ የተቆረጡት ቀዳዳዎች ከአንድ ትክክለኛ ቦታ ሲታዩ ብቻ ገጥመው ሙሉ ቅርጽ ይሠራሉ። ለእኔ የጌንክ መንገድ ይበልጣል፤ የሄርለን የውኃ ሙቀት ግን ጌንክም ልትቀስመው የሚገባ ትምህርት ነው።