ለፒያሳዋ ሞባይል ጠጋኝ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ደሴ ያላችሁ፣ ከኮምቦልቻም ለጉዳይ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የምትመጡ፣ ይህችን ልጅ ልብ በሉልኝ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ትጠግናለች። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አላወጣሁም። የሰውን ገመና እንዲህ የምትጠብቅ ልጅ የራሷንም ብትጠብቅ አይገርምም።

ነገሩ የአባቴ ስልክ ነው። ቴክኖ ነው፣ ደህና ይሠራል። መብራት ሲጠፋ አባባ የባትሪ አፑን፣ ስልኩን እንደ እጅ መብራት የሚያበራውን ማለቴ ነው፣ ሲከፍቱ ከላይ በቀኝ ጥግ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። አንድ ጎረቤት አይቶ «ይሄማ እየቀረጹዎት ነው» አላቸው። አለቀ! እህቴ ጅዳ ናት፣ የምንገናኘው በኢሞ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር እንኳ ካሜራውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው ነበር የሚያወሩት። እሷም «አባባን ምን ነካብኝ?» እያለች ትጨነቃለች።

መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ስልኩን በቅጡ ሳያየው «ፍላሽ መደረግ አለበት፤ ፓተርኑን ጻፉልኝና ይደር» አለን፤ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። ፎቶውስ? የእህቴ የድምፅ መልእክትስ? «እሱማ ይጠፋል» አለ፣ ቀለል አድርጎ። አባባ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ወደዚህች ልጅ የመራን የመስጊድ ወዳጃቸው ነው። ገና ስልኩን ስንዘረጋላት አልተቀበለችም። «አባባ፣ እርስዎ ይክፈቱት፤ ፓተርንዎን እኔ ማወቅ የለብኝም» ብላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ከዚያ የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ አስቀየረቻቸው። እስከ መጨረሻው የሚነኩት አባባ ናቸው፣ እሷ በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከተች ነው የምትነግራቸው። አውራ ጣታቸው ደረቅ ስለሆነ አንዳንዴ ስልኩ አልሰማ ይላቸዋል፤ ልጅቷ ታዲያ አልነጠቀቻቸውም፣ ጠበቀች። እኔ ቤት ውስጥ ይህን ትዕግሥት የለኝም፣ እንነጋገር ከተባለ።

ነጥቧ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ የመጣች ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ማለት ነው። ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩ ራሱ ያበራታል፤ ለባለቤቱ የምትናገር እንጂ የሰላይ ምልክት አይደለችም። ከላይ ወደ ታች ስቦ ሲነኳት የትኛው አፕ እንደሆነ በስሙ ታሳያለች። «ከልጅዎ ጋር እያወሩ ብትበራ ትክክል ነው» አለቻቸው፣ «ምንም ሳይከፍቱ ብትበራ ግን ማን እንደሆነ ይዩ።» አይፎን ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ብርቱካንማዋ የማይክሮፎን፣ አረንጓዴዋ የካሜራ ናት።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ግላዊነት፣ የፈቃድ አስተዳዳሪ። እዚያ ውስጥ «ካሜራ»ን ሲነኩ ካሜራ የተፈቀደላቸው አፖች በሙሉ ተደርድረው ይመጣሉ፤ «ማይክሮፎን»ም እንደዚያው። ያ የባትሪ አፕ ሁለቱም ጋ አለ! ባለፉት 24 ሰዓታት ማን ምን እንደተጠቀመ የሚያሳየውን ገጽ ስታስከፍታቸው፣ ማታ መብራት በጠፋበት ሰዓት ካሜራውን የነካው እሱ ሆኖ ተገኘ። እኔ «ያዝነው!» ልል ስል ልጅቷ ቀዝቀዝ አደረገችኝ። የስልክ ባትሪ የካሜራው ፍላሽ ስለሆነ፣ በድሮዎቹ አንድሮይዶች የባትሪ አፕ የካሜራ ፈቃድ መጠየቁ ያለ ነገር ነበር። «ማይክሮፎኑን ሲጠቀም አላየሁትም፣ በሌለበት አላማውም። ግን መብራት ለማብራት ጆሮ ምን ያደርግለታል?» አለች። ደግሞ ከላይ ሲሳብ የሚመጣው የስልኩ የራሱ ባትሪ እያለ ሌላ አያስፈልግም ብላ አባባ በገዛ እጃቸው አጠፉት። ለካ የእህቴ ልጅ ነው በዜንደር፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው አፕ፣ የላከላቸው። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አፕ ማን ነካክቶት እንደመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ከፕሌይ ስቶር ብቻ እንዲያወርዱ መከረቻቸው፣ ጎጂ አፕ የሚፈትሸውን፣ ተዘግቶ የነበረውንም ፕሌይ ፕሮቴክት አስከፈተቻቸው።

ሌላውን አንድ በአንድ አዩት። ኢሞና ቴሌግራም ድምፅም ምስልም ስለሚልኩ «ሲጠቀሙ ብቻ» በሚለው ይቆዩ ተባለ። ቴሌብር ኪውአር ኮድ ለማንበብ ካሜራ ይፈልጋል፣ እሱ «ሁልጊዜ ጠይቅ» ላይ ሆነ። የሶላት ሰዓት የሚያሳየው አፕ ማይክሮፎን ተፈቅዶለት ስናይ አባባ ራሳቸው ሳቁ፤ «አዛን እሱ ያሰማኛል እንጂ እኔ አላሰማው» ብለው «አትፍቀድ»ን ነኩ። በመጨረሻ «ተደራሽነት» የሚባለውን አስከፍታ አሳየቻቸው። እዚያ ፈቃድ ያገኘ አፕ ስክሪን ላይ ያለውን ማንበብ፣ በእናንተ ፈንታም መንካት ስለሚችል፣ ከማይክሮፎኑ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው ትላለች። የአባባ ንጹሕ ነበር።

እኔ ደግሞ ካሜራና ማይክሮፎንን ለሁሉም አፕ በአንዴ የሚዘጋውን ማጥፊያ እንዲዘጉት ብዬ ነበር። «ተይ፣ ኋላ ልጃቸው ስትደውል ድምፃቸውን አጥታ ትደነግጣለች» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ስለ ጫማ አውርተን የጫማ ማስታወቂያ የሚመጣብን ስልኩ እየሰማን ነው ወይ ብዬም ጠየቅኳት። ለዚያ ማስረጃ አላየሁም፣ ኢንተርኔት ላይ የፈለጋችሁትንና የከፈታችሁትን አስተዋዋቂዎቹ መከታተላቸው ግን ለማስታወቂያው ይበቃቸዋል አለች። ለማስፈራራት የማትቸኩል ባለሙያ እወዳለሁ።

ሒሳቡ 50 ብር ነበር። አባባ ሊጨምሩላት ቢሉ እምቢ ብላ ምርቃቱን ተቀበለች፤ «አላህ ያሳድግሽ ልጄ» ሲሏት አሜን ያለችበት ድምፅ የእውነት ነበር። አባባም ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰዋል፣ እህቴ ሙሉ ፊታቸውን እያየች ታወራቸዋለች። ልጄ፣ እናመሰግናለን፣ እጅሽ ይባረክ።

ላለመዋሸት፣ ሱቋ መቀመጫ የላትም፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት። ሰኞ በገበያው ምክንያት ወረፋ አለ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሻላል። ስክሪን ለመቀየር ስለ ዋጋዋ አላውቅም፣ አላሠራሁም። የስልኩን ቻርጅ ሞልታችሁ፣ የስልኩንም ባለቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለቤቱ ከሌለ አትነካም። የሱቋን ምልክት የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ።