መኪና አልነሳ ሲል ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግ ዕቃ፦ ትንሿ ዲጂታል ቴስተር

አቋሜን ከፊት ልንገራችሁ። መኪና አልነሳ ለሚልበት ቀን አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው ቴስተር ነው፣ ማለትም መልቲሜትር። ኮድ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) አይደለም። በኪስ የሚያዘው ማስነሻ ፓወር ባንክም አይደለም። ሁለቱም አሉኝ፣ ሁለቱም ጠቅመውኛል። ግን ፓወር ባንኩ መኪናውን ያስነሳና ለምን እንደቆመ ሳይነግራችሁ ይቀራል። ኮድ ማንበቢያው ደግሞ ባትሪ ሲደክም በቮልቴጅ ማነስ ብቻ የመጡ ኮዶችን ይደረድርላችኋል፤ እነሱን አምኖ ደህናውን ሴንሰር የሚቀይር ሰው አለ። ቴስተሯ ቁጥር ትሰጣለች፣ ቁጥሩ ደግሞ ችግሩ የት እንዳለ ይመራል።

የእኔዋ ተራ ዓይነት ናት። ልኬቱን ራሷ ትመርጣለች፣ የስክሪን መብራት አላት፣ ዙሪያዋ በጎማ ተሸፍኗል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ልኬት ቀላል ነው። ማዞሪያውን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፣ ቀዩን ሽቦ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ አስነኩ። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። መኪናው ገና መጥፋቱ ከሆነ ግን ቁጥሩን አትመኑ። ከቻርጅ የተረፈ ቮልቴጅ ለጊዜው ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ የፊት መብራቱን ለትንሽ ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና እንደገና ለኩ።

ቴስተሯ ዋጋዋን የምታሳየው ግን ቁልፉ ሲዞር ነው። ሽቦዎቹን ባትሪው ላይ ይዛችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሲያዞር ቮልቴጁ መውረዱ ያለ ነው። ሙሉ የነበረ ባትሪ፣ አየሩ ብርድ ሳይሆን፣ ከ9.6 በታች ከወረደ አርጅቷል፣ ቻርጅ ማድረግ ብዙም አያድነውም። ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ እየሰማችሁ ቁጥሩ ድብን ብሎ ቢወርድ ጥርጣሬው ባትሪው ላይ ነው። ቁጥሩ ከ12 በላይ ሆኖ ምንም ካልተነቃነቀና ድምፅም ከሌለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ)፣ የቁልፉን ስዊች ተመልከቱ፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን ከፒ (ማቆሚያው) ወደ ኤን (ነፃው) ቀይራችሁ ሞክሩ።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የማያደርገውና እኔ በጣም የምወደው ልኬት፣ ገመዱ ራሱ ምን ያህል ቮልት እንደሚበላ ማየት ነው። አንዱን ሽቦ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ (ማያዣው የሚታሰርበት ጉብታ) ላይ አድርጉ፣ ማያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ አስነኩና ቁልፉ ይዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማያዣው ችግር አለበት። በኔጌቲቭ በኩልም ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሩ ብረት እንዲሁ ለኩ፣ እዚያ ከ0.2 ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በማያዣው ስር የተደበቀ ዝገት በዓይን ላይታይ ይችላል፣ በዚህ ልኬት ግን ወዲያው ይጋለጣል። ይህ ሳይደረግ ሞተሪኖ ተፈቶ ሲወርድ ሳይ ያናድደኛል፤ ማያዣውን ፈትቶ በብሩሽ መፈግፈግ ስንት ወጪ ያድን ነበር! ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሱን እሰሩ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ግን የቴስተሯ ጥቅም ይቀንሳል። ፊውዝ ትፈትሻለች፣ የነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን ታሳያለች። ግፊቱን ግን አትለካም። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ገደማ እዝዝ ሲል መስማት፣ የጸረ ስርቆት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መሆኑን ማየት የጆሮና የዓይን ሥራ ነው። ኮድ ማንበቢያውም የሚጠቅመው እዚህ ነው። የካንዴላ ገመድ ላይ ግን ቴስተር እንዳታስጠጉ፣ እዚያ ያለው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

የማልወድላት ነገርም አለ። ስክሪኗ ዘገምተኛ ስለሆነ ሞተሪኖው የጀመረበት ቅጽበት ላይ ያለው ዝቅተኛ ቁጥር ያመልጣል። የሽቦዎቿ ጫፍ አጭር ነው፣ ጠባብ ቦታ አይገባም፣ አዞ አፍ መቆንጠጫም አብሮ አልመጣም። የራሷ ባትሪ ሲደክም ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች፣ ስለዚህ የባትሪ ምልክት ስክሪኑ ላይ ከመጣ ምንም አትለኩ።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ነው። ቀዩ ሽቦ እዚያ እንደተሰካ ባትሪውን ብትነኩ ሾርት ነው፣ ፊውዟ ይቃጠላል፣ በደንብ ያልተሠራች ከሆነችም እጅ ላይ ልትፈነዳ ትችላለች። በዚያ ቀዳዳ ሞተሪኖ የሚስበውን መለካት ጭራሽ አይታሰብም፣ ከ100 አምፔር በላይ ነውና። ቀዳዳው የሚጠቅመው መኪናው ቆሞ ሳለ በድብቅ የሚፈሰውን ለመለካት ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ የመኪናው ኮምፒውተሮች ከተኙ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከቀጠለ ባትሪውን ቀስ በቀስ የሚጨርስ ነገር አለ።

የራሳቸውን መኪና ኮፈኖ ለሚከፍቱ ሁሉ እመክራታለሁ። ስትገዙ ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝ ሚን ማክስ ቁልፍ ያላትን ምረጡ፤ የእኔዋ የላትም፣ የምቀይራት ቀን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።