ሲሚንቶ ሲይዝ በምን እንከታተል? ቪካት፣ አልትራሳውንድ ወይስ የሙቀት ሴንሰር

ሜክሲኮም ሰንጋ ተራም ካዛንቺስም ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) የሚሞላ ሰው ጭንቀቱ አንድ ነው፣ ሲሚንቶው መቼ ያዘ፣ ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የተሞላበት የእንጨት ወይ የብረት ቅርጽ) መቼ ይነሳ። መሳሪያ ልትገዙ ካሰባችሁ እነዚህን ሦስቱን አይታችሁ ወስኑ።

ቪካት ርካሹ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። 1.13 ሚሜ ውፍረት ያለው መርፌ በ300 ግራም ክብደት በውሃ የተለወሰ ሲሚንቶ ላይ ይለቀቃል፣ ስንት እንደገባ ታያላችሁ፣ በቃ። የአውሮፓው ስታንዳርድ 42.5 ሲሚንቶ (ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃው ነው) ከ60 ደቂቃ በፊት መያዝ እንዳይጀምር የሚለው በዚሁ መርፌ ተለክቶ ስለሆነ ሲሚንቶ ፈትሾ ለመቀበል ወይ ለመመለስ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ግን ጠጠር ያለበት ኮንክሪት ላይ አይሰራም፣ ከያዘ በኋላ ያለውንም አይነግራችሁም።

አልትራሳውንዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ትራንስዱሰር (የድምፅ ሞገድ ላኪና ተቀባይ) ሻጋታው ግራና ቀኝ ይገጠማል፣ አንዱ ይልካል አንዱ ይቀበላል፣ ርቀቱ ለፈጀው ጊዜ ሲካፈል ፍጥነቱ ይወጣል። ትኩስ ድብልቅ ውስጥ የአየር አረፋ ስላለ ፍጥነቱ ውሃ ውስጥ ካለው 1,480 ሜትር በሰከንድ እንኳን ሊያንስ ይችላል፣ ከዛ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ሲጀምሩ ግራፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥሩ ኮንክሪት ሲጠነክር ከ4,000 ያልፋል። ያንኑ ናሙና ሳትሰብሩ ከጭቃነቱ እስከ ድንጋይነቱ አያችሁት ማለት ነው! ሪታርደር (ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይይዝ የሚጨመር ኬሚካል) ስንት ሰዓት እንዳዘገየ፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ከኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለላብራቶሪ እኔ ሳላመነታ እሱን ነው የምለው።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ በእጅ ተይዞ የሚለካው የተለመደው የ54 ኪሎኸርዝ መሳሪያ በዋናነት የተሰራው ለጠነከረ ኮንክሪት ነው፣ ትኩስ ድብልቅ ደግሞ ሞገዱን ስለሚውጠው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ሲግናሉ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ሌሊቱን በራሱ የሚመዘግብ፣ ጠንካራ ሲግናል የሚልክ ፈልጉ። የሻጋታው ነገርም አለ፣ ብረት ከሆነ ሞገዱ ድብልቁን ትቶ በብረቱ ዞሮ ይደርስና የውሸት ንባብ ይሰጣል። አቅም ካለ የሸር ሞገድም (ወደ ጎን የሚያወዛውዘውን) የሚለካውን ውሰዱ፣ ሸር በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፣ ስለዚ ብቅ ማለት ሲጀምር ድብልቁ አጥንት አወጣ ማለት ነው። ዩፒኤስ ደግሞ አትርሱ፣ መብራት እኩለ ሌሊት ላይ ከሄደ ዋናው የግራፉ ክፍል አብሮ ይሄዳል።

የሙቀት ሴንሰር ፌሮው ላይ ታስሮ ሶሌታው ውስጥ ይቀበራል፣ ሙቀቱንና ጊዜውን ደምሮ ጥንካሬ ይገምታል። አዲስ አበባ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሲሚንቶው ይዘገያል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀመጠው ኪዩብ (ጥንካሬው ተሰብሮ የሚለካው የኮንክሪት ናሙና) ይሄንን አያይም ሴንሰሩ ግን ያያል፣ ስለዚ ጥያቄያችሁ ፎርምወርክ መቼ ላንሳ ብቻ ከሆነ ይሄ ይበቃችኋል። ድክመቱ፣ ሳይት ላይ ውሃ ቢጨመርበት አያውቅም፣ ያው ሙቀት ብቻ ነው የሚለካው።

ሻጩ አልትራሳውንዱ ጥንካሬን በቀጥታ ያነባል ካላችሁ አትመኑ። እሱም ሆነ የሙቀት ሴንሰሩ በራሳችሁ ድብልቅ ኪዩብ እየተሰበረ መስተካከል አለባቸው፣ ጠጠሩ ሲቀየር ደግሞ እንደገና። ከመክፈላችሁ በፊት ትኩስ ሞርታር ላይ አንድ ሌሊት አሰርታችሁ ግራፉን ጠዋት እዩት።