የሃይሉክሴን ሞተር ለሠሩልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

የፒካፕ መኪናዬን ሞተር ሦስት ወር ሙሉ በትዕግሥትና በጥንቃቄ ለሠሩልኝ የአዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ባለቤት እና ለሁለት ረዳቶቻቸው በአደባባይ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የሞተራችሁን ጉልበት ለመጨመር የምታስቡ ሁሉ ሥራውን ለማን እንደምትሰጡ ስትወስኑ ይጠቅማችኋል ብዬ ስለማምን፣ የሆነውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን ሞተሯ ባለ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ ያለው) 22አር ነው። ሲሊንደሩ 92 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስቶኑ 89 ሚሊ ሜትር ምልልስ አለው፤ ይዘቱም 2,366 ሲሲ ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ነበር። ሆኖም ፒስቶኑ ሳይገዛና ሳይለካ ቦር በመደረጉ (ሲሊንደሩ በመቆረጥ በመስፋቱ) ክፍተቱ ከልክ በላይ ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላው ዘይት ይበላና ያጨስ ጀመር።

ወደ እኚህ ባለሙያ የሄድኩት ሞተሩ እንደገና መውረዱ ካልቀረ ኮምፕሬሽን ሬሾውን (ፒስቶኑ የሲሊንደሩን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ የሚያሳየውን ቁጥር) ከ9 ወደ 10.5 ከፍ እንዲያደርጉልኝ ለመጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተሩም የጉልበቱን ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ኮምፕሬሽን መጨመር ከዚህ ጥቂቱን ይመልሳል። ባለሙያው ሐሳቤን አልተቃወሙም። ነገር ግን ደብተራቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይህቺ መኪና በዓመት ስንት ጊዜ አዋሽን ትሻገራለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሥራዬ በየጊዜው በአፋር ቆላ ወዳለችው ሰመራ ያመላልሰኛል። ይህን ስነግራቸው፣ ከ500 ሜትር በታች በሆነ ቆላ አየሩ ስለሚወፍር ሲሊንደሩ በደንብ እንደሚሞላ፣ ከሙቀቱ ጋር ተዳምሮም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስቶኑን ሊሰብር እንደሚችል አስረዱኝ። ለአዲስ አበባ አየር የተስተካከለ ካርቡራተርም ቆላ ሲወርድ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ስለሚያንስ አደጋውን ያባብሰዋል። ስለዚህ በ9.5 ተስማማን። አንድም ብረት ሳይነካ ዕቅዱን፣ የሚገዙትን ዕቃዎች እና የሥራውን ዋጋ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

ከፋብሪካው ልክ 1 ሚሊ ሜትር የሚበልጡትን ፒስቶኖች ከመኪና ዕቃ ገበያው ከሶማሌ ተራ ፈልገን እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በጊዜው ተበሳጭቼ ነበር። እሳቸው ግን ፒስቶኖቹን አንድ በአንድ በማይክሮሜትር ለክተው እያንዳንዱን ሲሊንደር ለራሱ ፒስቶን ቦር ሲያደርጉ ሳይ፣ የመጀመሪያው ሥራ የተበላሸው በምን እንደሆነ በዓይኔ አየሁ። የመጨረሻውን ሞረዳ ያደረጉትም በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚዘጋው የሞተሩ ክፍል) ፋንታ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ብሎኩ ላይ በብሎን አጥብቀው ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ሲሊንደሩ በጥቂቱ ቅርጹን ስለሚለውጥ፣ ሞተሩ ሲገጠም በሚኖረው ቅርጽ መሞረድ አለበት።

የአራቱን ማቃጠያ ጉድጓዶች ይዘት ባለ መስፈሪያ ቱቦ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ለኩ። በአዲሱ ስፋት እያንዳንዱ ሲሊንደር 605 ሲሲ ገደማ ስለሚሆን፣ 9.5 ለማግኘት ከፒስቶኑ በላይ ጓርኒሲዮኑን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ጨምሮ 71 ሲሲ መቅረት ነበረበት። ይህን ቴስታታውን በመላጨት ብቻ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ሆኖም ቴስታታው ዝቅ ሲል ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ሰንሰለት ውጥረቱ እንደሚለወጥና የካምሻፍቱ ጊዜ እንደሚዘገይ ነግረውኝ፣ አብዛኛውን በፒስቶኖቹ አናት ቅርጽ አስተካከሉት። የቫልቭ መቀመጫዎቹን በሦስት የተለያዩ የማዕዘን ልኮች ቆረጡ፤ የፒስቶኖቹንና የቢዬላዎቹንም (ፒስቶኖቹን ከታች የሚይዙትን ዘንጎች) ክብደት አመጣጠኑ። በዚህ ሞተር ላይ ተሰብሮ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውን የሰንሰለቱን የፕላስቲክ መሪም ሳልጠይቃቸው ብረት ባለው ለወጡልኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች፤ ሰመራም ሁለት ጊዜ ደርሳለች። በሙቀቱም ቢሆን ሞተሩ ሲያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚያሰማውን ድምፅ) አልሰማሁም፤ የዘይቱ ልክም ዝቅ አላለም። በኮምቦልቻ በኩል ስመለስ ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን የጣርማ በርን ዳገት በሦስተኛ ወጣሁት። ለባለሙያው ደውዬ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሙቀት መለኪያው የት ድረስ እንደ ወጣ።

ፈጣን ሥራ ለሚፈልግ ሰው እኚህን ባለሙያ አልጠቁምም፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሞተር በላይ አይቀበሉም፣ ሥራ ላይ ሲሆኑም ስልክ አያነሱም። ሞተሩ ተለክቶና ታስቦበት እንዲሠራለት ለሚፈልግ ግን ያለ አንዳች ማመንታት እመሰክርላቸዋለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸው እልክላችኋለሁ።