«ጭረት ያጠፋል» እያሉ የሚሸጡላችሁ ክሌይ ባር

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይም በየመኪና ጌጣጌጥ ሱቁም አንድ ዕቃ በጣም እየተሸጠ ነው። ክሌይ ባር ይሉታል። ሳሙና የሚያህል፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር ነው። «ጭረት በ5 ደቂቃ ያጠፋል፣ መኪናዎን አዲስ ያደርጋል» ይላል ማስታወቂያው። ከአንድ የሚረጭ ጠርሙስና ከአንድ ጨርቅ ጋር 3,500 ብር።

ቁርጡን ልንገራችሁ። ክሌይ ባር ጭረት አያጠፋም። የየትኛውም አገር ይሁን፣ ማንም ይሥራው፣ አያጠፋም።

ዕቃው ራሱ የውሸት አይደለም። ጃፓኖች ያመጡት፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በሌላውም ዓለም የተለመደ፣ ለሥራው ግሩም የሆነ ነገር ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። በእጥበት አልለቅ ያለና ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻን ያነሳል። ከፍሬን ሸራ የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ጠብታ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጎረቤት አጥሩን ሲቀባ ነፋስ ያመጣው የቀለም ብናኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በየሄዱበት ብየዳና ግራይንደር ነው። ግንባታ አጠገብ የምታድር ነጭ መኪና ላይ ዝገት የመሰሉ ጥቃቅን ነጥቦች ካያችሁ፣ ያ የብረት ብናኝ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ክሌይ ጥሩ ነው። የደረቀ ሲሚንቶ ከሆነ ግን በክሌይ አትነካኩት፤ ጠጣሩ ፍሬ ተላቆ ቀለሙን እየቧጠጠው ይሄዳል።

ጭረት ማለት ከቀለሙ የተፋቀ ቦታ ነው። የተፋቀን ነገር በምን ተአምር ያነሱታል?

ታዲያ ሱቁ በር ላይ ሲያሳዩን ጭረቱ የት ይገባል? ጎረቤቴ ጥቁር ኮሮላውን ይዞ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ልጁ ኮፈኑ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ መረጠ። ከጠርሙሱ ረጨ፣ በክሌዩ አሸት አሸት አደረገ፣ በጨርቅ ጠረገ። እነዚያ ፀሐይ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ጭረቶች የሉም! ቦታው ያበራል። ጠርሙሱን ተቀበልኩና ትንሽ ጣቴ ላይ ረጭቼ አሻሸሁት። ያሟልጫል፤ ቅባት ቅባት ይላል። ምስጢሩ እሱ ነው። ሲሊኮን ወይም ሰም ያለበት ፈሳሽ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ ለጊዜው አይታይም። ጥቂት ጊዜ በሳሙና ሲታጠብ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ሻጩ ሲያሳያችሁ «እስቲ ያንኑ ቦታ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረግልኝ» በሉት። ከዚያ ፊቱን ማየት ነው።

ጎረቤቴ ግን ገዛ። ማሸጊያው ላይ ደረጃው አልተጻፈም፤ ትልቁ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። ክሌይ ለስላሳ፣ መካከለኛና ሻካራ አለው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ለስላሳው ይበቃል። ሻካራው ለባለሙያ ነው፤ ከእሱ በኋላ ፖሊሽ የግድ ይላል። በመልኩ ለመለየትም አትሞክሩ፣ ፋብሪካው ሁሉ የየራሱ ቀለም አለው። በዚያ ላይ «ውሃ ብቻ ይበቃል» ብለውታል። ውሃ ብቻውን በደንብ አያንሸራትትም፣ ክሌዩ እየያዘ ይጎትታል። ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር የሚባለው ግልጽ መከላከያ ሽፋን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ጎረቤቴ እንደነገሩት ሲያሸው ኮፈኑና ሁለቱ በሮች ጭጋግ የለበሱ መሰሉ። ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይደበቅም።

ሊመልስ ሄደ። «ተከፍቷል፣ አንመልስም። ፖሊሽ ነው የሚያስፈልገው፣ እኛ ጋ እንሠራለን» አሉት። ዋጋውንም ነገሩት። ጨዋታው ገባችሁ አይደል?

ብዙዎቻችሁ ጭራሽ ላያስፈልጋችሁም ይችላል። መኪናውን አጥባችሁ አድርቁ። እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ በሮቹን ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ሙልጭ ካለ ብራችሁን ያዙ። አሸዋ አሸዋ ካለ ብቻ ነው ክሌይ የሚገዛው። ለማንሸራተቻ የመኪና ሻምፖ በውሃ በጥብጣችሁ መርጨት ትችላላችሁ፣ የእነሱን ጠርሙስ መግዛት ግዴታ አይደለም። የልብስ ሳሙና ግን አይሆንም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየያዛችሁ፣ በደንብ እያረጠባችሁ፣ ሳትጫኑ ቀጥ ባለ መስመር ማመላለስ ነው። እያዞራችሁ አታሽከርክሩት። ሲቆሽሽ እጠፉና ንጹሁን ጎን አውጡ። መሬት ከወደቀ ምንም ያህል ቢያሳዝን ጣሉት፣ አንድ የአሸዋ ፍሬ ትበቃለች። «ዕድሜ ልክ ይቆያል» የሚሉትንም አትስሙ። ሲጨርስ ሰም መቀባት አለበት፤ የነበረውን ሰም ክሌዩ ይዞት ይሄዳልና። ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ያለው መኪና ካላችሁ ክሌይ ባታስነኩት ይሻላል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ደረጃው በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ውሰዱ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ከማን እንደገዛችሁ እንኳ ማስረዳት ይከብዳችኋል። የቴሌግራም ሻጮች ማስታወቂያውን ቶሎ ያጠፉታል፣ «ጭረት ያጠፋል» ያሉበትን ጽሑፍ ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ገዝታችሁ ገና ያልከፈታችሁ ካላችሁ፣ አትክፈቱት። ዛሬውኑ መልሱት፤ «ተከፍቷል» የሚለው ሰበብ እናንተ ላይ አይሠራም።